ሂስ አለኝ

በሬዲዮ ስለ መድኃኒት ክርክር በተነሣ ቁጥር፣ «መወሰን ያለበት ሐኪሙ ነው ወይስ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት?» እያሉ ምሁራኑ ሲባባሉ ልጄ ከጓዳ ትመጣና ድምፁን ትቀንሰዋለች። የደም ግፊቴ እንዳይነሣ ነው። እኔ ግን ከሬዲዮኑ ጋር መጨቃጨቄን አልተውም። ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። በደርግ ጊዜ ሐኪሙንም ተቆጣጣሪውንም በአንድ የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው አይቻቸዋለሁ። የሚከራከሩት በእኔ ሆድ ነበር። እኔም እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ነበርኩ፤ ሆዴን ይዤ።

የሚጥል በሽታ አለብኝ። ዛሬ በአፌ ሙሉ እናገረዋለሁ። ባደግኩበት የሾላ ገበያ አካባቢ ግን ስሙን የሚጠራ ሰው አልነበረም፤ «ያ ነገር» ነበር የሚባለው። ያ ነገር ሲጥለኝ ጎረቤቱ ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ነው። አንዱ ክብሪት ጭሮ ያጠፋና ጭሱን አፍንጫዬ ሥር ይይዛል፤ ሌላው ራቅ ብሎ ይቆማል። ከአፌ የወጣ አረፋ የነካው ሰው ይጋባበታል ይባል ስለነበር ልጆቻቸውን ለጊዜው ከእኔ ጋር አያጫውቱም። ራሴን ከድንጋይ ላይ የምታነሣው እናቴ ብቻ ነበረች። ሼኹ ቁርኣን ቀሩብኝ። ሰው አላስቀምጥ ሲለው አባቴ እንጦጦ ድረስ ጠበል ወሰደኝ፤ «አላህ የትም አለ» ብሎ። ሁለቱም ቦታ ልቤ እፎይ ብሏል፣ አልክድም። መውደቄ ግን አልቀረም።

ለአካለ መጠን በደረስኩበት ክረምት ወጥ ሳማስል ጣለኝ። ስነቃ መጀመሪያ የተሰማኝ ሽታ ነው፤ የራሴ ክንድ ሽታ። እናቴ በነጠላ ጠቅልላ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝና ለሐኪሙ «ድስት ተደፍቶባት ነው» አለችው። ሐኪሙ ቀጭን፣ ቶሎ ቶሎ የሚናገር፣ ነገር ሲያስብ መነጽሩን በጋዋኑ ጫፍ የሚጠርግ ሰው ነበር። ክንዴን አየና ወደ ፊቴ ተመለሰ።

«ምላስሽን አሳዪኝ» አለኝ።

ምላሴ ዳርና ዳሩ ተነክሶ ነበር። እናቴ ማልቀስ ጀመረች።

«ይህ ነገር ከጀመራት ስንት ዓመት ሆናት?» አላት።

«ከልጅነቷ ጀምሮ ነው ጌታዬ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?» አለና ወዲያው በራሱ አፈረ። ለካ መድኃኒት አለው! በየማታው የሚዋጥ ትንሽ ነጭ ክኒን፤ ስሙ ፌኖባርቢታል፣ እኛ ቤት ግን «ነጩ» የምንለው። ነጩን ከጀመርኩ በኋላ መጀመሪያ ሰሞን እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ፣ ከዚያ ለመድኩት። መውደቁ ቀረ። ጓዳ ውስጥ ተደብቃ ታድግ የነበረች ልጅ ትምህርቴን እስከ ስምንተኛ ክፍል ጨረስኩ፣ በቀበሌያችን የኅብረት ሱቅም ስኳር መዛኝ ሆኜ ተቀጠርኩ። ስኳር በራሽን በሚታደልበት በዚያ ጊዜ ሚዛን የያዘች ሴት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። ያኔ አንገቴን ቀና ማድረግ ለመድኩ። ስለ በሽታዬ ግን ሱቁ ውስጥ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ባሌ ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ግንድ የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ከኒካሑ በፊት ነገርኩት፤ እናቴ እግሬን እየረገጠችኝ።

«እኔ እኮ ይጥለኛል» አልኩት።

«እኔንም አንድ ቀን ይቺ መኪና ትጥለኛለች» አለ። «ፍሬኗን ብታዪው አንቺ ነሽ የምትፈሪልኝ።»

እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ነፍሱን ይማረው።

ሳረግዝ ቀጥታ ወደ ሐኪሙ ሄድኩ። መነጽሩን አውልቆ ይጠርግ ጀመር፤ ነገሩ ከባድ መሆኑን ያኔ አወቅኩ።

«ሁለት ነገር እነግርሻለሁ፤ ሁለቱም ደስ አይልም» አለኝ። «ይህ ክኒን አንዳንዴ ፅንስ ይጎዳል ይባላል። ከንፈሩ ወይም ላንቃው የተሰነጠቀ ልጅ ሊወለድ ይችላል። አብዛኞቹ ደህና ሆነው ይወለዳሉ፤ የአንቺ ከየትኛው እንደሚሆን ግን እኔ አላውቅም። ካቆምሽው ደግሞ መውደቁ ይመለሳል። ድንገት ከቆመ ከድሮውም ይብሳል። እሳት ላይ ልትወድቂ ትችያለሽ፣ በሆድሽም ልትወድቂ ትችያለሽ።»

«እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?»

«እኔማ አላረግዝም» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወው። «እህቴ ብትሆኚ መጠኑን ትንሽ ዝቅ አድርጌ እቀጥልልሽ ነበር። ግን የምትወልጂው አንቺ ነሽ። ከባለቤትሽ ጋር ተማክረሽ ነይ።»

ለባሌ ማታ ነገርኩት። «ከንፈር ይሰፋል» አለ። «አንቺን ማን ይሰፋልኛል?» እኔም የራሴን ሳስብ አደርኩ። ክንዴን እየዳበስኩ አሰብኩ። ጠዋት ወደ ሐኪሙ ሄጄ «እቀጥላለሁ» አልኩት። ለአካለ መጠን ከደረስኩ ወዲህ ስለ ሥጋዬ በራሴ የወሰንኩት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው፤ ጋብቻውን እንኳ አባቴ ነው የፈረመው።

ሰርኩላር የሚሉት፣ ከተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ለየጤና ጣቢያው የሚላክ የመመሪያ ደብዳቤ፣ የመጣው ሆዴ መታየት ሲጀምር ነው። አንድ ቀን የጤና ጣቢያው መድኃኒት አዳይ የሐኪሙን ማዘዣ በመስኮቱ መልሶ ገፋልኝ።

«ለነፍሰ ጡር አይሰጥም ተብሏል እህቴ። ከላይ ነው የመጣው።»

«ሐኪሙ እኮ ነው ያዘዘልኝ!»

«ሐኪሙም እንዳያዝ ተብሏል።»

ሐኪሙ የዚያን ሰሞን ኮተቤ በኩል ለክትባት ሥራ ወጥቶ ነበር። እስኪመለስ ድረስ ቤት የነበረኝ ክኒን አለቀ፣ እንደተባለውም ሆነ። ግቢያችን ውስጥ ልብስ ሳሰጣ ጣለኝ። ባሌ ክብሪት አልፈለገም፤ ራሴን ጭኑ ላይ አድርጎ በጎኔ አስተኛኝ። ስነቃ አንድ እጁ ሆዴ ላይ ነበር፤ ልጁ ይንቀሳቀስ እንደሆነ እያዳመጠ። እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም። ሐኪሙ ተመልሶ ይህን ሲሰማ መሳቢያውን ከፈተና ክኒኑን በገዛ እጁ ሰጠኝ። «ሰርኩላሩ መሳቢያዬን አያውቀውም» አለኝ። ያን ቀን ወደድኩት።

መሳቢያውን ግን ሌላ ሰው አውቆታል። ማን እንደጠቆመ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ በዚያ ዘመን ጠቋሚን መፈለግ ውኃ ውስጥ ውኃ መፈለግ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ለሐኪሙ የሂስና ግለሂስ ስብሰባ ተጠራ። የጤና ጣቢያው ክፍል ስለሚጠብብ በቀበሌያችን አዳራሽ ይሁን ተባለ፤ «የሰፊው ሕዝብ ተወካዮች» እንዲገኙም ታዘዘ። እኔ ደግሞ «ተታልላ መድኃኒቱን የወሰደች እናት» ተብዬ እንድመሰክር ተጠራሁ።

ለልጆች ላስረዳ። ሂስና ግለሂስ ማለት እንዲህ ነበር። ሰው ቆሞ ጥፋቱን በራሱ አፍ ይዘረዝራል፤ ይህ ግለሂስ ነው። ከዚያ ሌላው ተነሥቶ ይወቅሰዋል፤ ይህ ሂስ ነው። ተወቃሹ «ሂሱን ተቀብያለሁ» ይላል እንጂ አይከራከርም። መከራከር ራሱ ሌላ ጥፋት ነው። «ተቀብያለሁ» ሲባል ይጨበጨባል፣ ከተጨበጨበ ደግሞ ነገሩ አልቋል ማለት ነው። ይህን ሥርዓት በየሳምንቱ ስለምናየው ከጸሎታችን እኩል ነበር የምናውቀው።

ስወጣ ባሌ ኮቴን እያለበሰኝ «በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ ነው» አለኝ። «የሚሉሽን አዎ በይና ነይ። ክኒኑን እኔ ከየትም ከየትም ብዬ አመጣልሻለሁ።» ከየትም አያመጣም ነበር፤ ሁለታችንም እናውቃለን።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የመጡት እነማን ናቸው? እነዚያው ስኳር የምመዝንላቸው ሴቶች። ፊት ለፊት ከከፍተኛው፣ ከቀበሌዎቹ በላይ ካለው አስተዳደር፣ የመጣው ሊቀ መንበር ተቀምጧል፣ ወፍራም፣ ድምፁ አዳራሽ የማይበቃው ሰው። አጠገቡ ከመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የተላከ ፋርማሲስት አለ፤ ግራጫ ካፖርት የለበሰ፣ ጸጉሩ ያለ ዕድሜው የሸበተ። ሐኪሙ ለብቻው ቆሟል።

መጀመሪያ ፋርማሲስቱ ተናገረ። ክፉ ሰው መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም። በአንድ ክፍለ ሀገር ከተማ አንዲት እናት ይህን መድኃኒት እየወሰደች ወልዳ፣ ሕፃኑ ላንቃው ተሰንጥቆ፣ መጥባት አቅቶት በረሃብ እንደሞተ ነገረን። ሕፃኑን በዓይኑ አይቶታል። «እያንዳንዱ ሐኪም ልቡ እንደፈቀደ ካዘዘ ነገ ሌላ ሕፃን ይሞታል» አለ። «አንድ መስመር መኖር አለበት፤ መስመሩ ደግሞ ለሁሉም እኩል ነው።» ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። እኔም መጠጥኩ። ነገር ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «እናቶቻችን፣ እናቶቻችን» ሲል እናቲቱ ፊቱ ተቀምጣ አንዴ እንኳ ቀና ብሎ አላየኝም።

ቀጥሎ ሐኪሙ ግለሂሱን ጀመረ። «የበላይ አካልን መመሪያ ጥሻለሁ» አለ። «የግለኝነት ስሜት ተጠናውቶኝ የራሴን እውቀት ከመመሪያ በላይ አድርጌያለሁ።» እስከዚህ ድረስ ገባኝ፤ ፈርቶ ነው፣ ሁለት ልጆች አሉት፣ ሰው በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ነገር ሄዶ ቀርቷል። ከዚያ ግን መነጽሩን አውልቆ «ከአሁን በኋላ ይህን መድኃኒት ለማንኛዋም ነፍሰ ጡር ላልሰጥ ቃል እገባለሁ» አለ።

ቃል የገባው በእኔ ራስ ነው! እኔ የመረጥኩትን፣ አድሬበት የወሰንኩትን፣ እሱ ቆሞ አስረከበው። ግቢያችን ውስጥ የወደቅኩበት ድንጋይ ታየኝ። ንዴቱ ከእግሬ ጀምሮ ነው የወጣው። የሞተው ሕፃን ለመሥሪያ ቤቱ፣ የሐኪሙ እንጀራ ለሐኪሙ፤ የእኔ ነገር የማን ነው ታዲያ?

«አሁን ጓድ ወይዘሮ» አለ ሊቀ መንበሩ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እንዴት እንደተታለሉ በአጭሩ ያስረዱ።»

ተነሣሁ።

«ሂስ አለኝ» አልኩ።

«ለዶክተሩ?»

«ለዶክተሩም፣ ለመድረኩም።»

ሊቀ መንበሩ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አየ። ምን ያድርግ? ሰፊው ሕዝብ ሂስ አለኝ ሲል አይሆንም የሚባልበት ሥርዓት አልነበረም። «ይ...ቀጥሉ» አለ።

እጅጌዬን እስከ ክርኔ ጠቀለልኩ። ጠባሳው ያኔ እንደ ዛሬው አልደበዘዘም ነበር፤ ሱቁ ውስጥ በበጋም ሹራብ የምለብሰው ለዚህ ነበር። ከፊቴ የተቀመጠች ሴት «ወይኔ!» ስትል ሰማሁ።

«ያ ነገር አለብኝ» አልኩ። «ይጥለኛል። ይህ ከክኒኑ በፊት እሳት ላይ ጥሎኝ ነው። ክኒኑን ከጀመርኩ ወዲህ አልወደቅኩም፤ የወደቅኩት ሰርኩላራችሁ ያስቀረብኝ ሰሞን ነው፣ ልጄን በሆዴ ይዤ። ዶክተር፣ የእርስዎ ሂስ ይህ ነው፤ የእኔን መድኃኒት ሳይጠይቁኝ ቃል ገቡበት። ሁለቱን አደጋ ቁጭ ብለው ነግረውኝ የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላታለለኝም። ሊተዉት ከፈለጉ ለእኔ ይንገሩኝ እንጂ ለአዳራሽ አይንገሩ።»

ሐኪሙ አንገቱን ደፋ። ወደ ግራጫው ካፖርት ዞርኩ።

«ጓድ፣ ስለ ሞተው ሕፃን አዝኛለሁ። ለእናቱ አላህ ጽናት ይስጣት። ግን ስለ ሆዴ ብቻ ነው ያሰባችሁት። ሆዱን የተሸከመችው ሴት እሳት ውስጥ ብትወድቅ ሆዱ የት ሊቀር ነው? በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት አሉ! ይጎዳል የሚለውን ብታሳውቁን፣ ሐኪሙ ሳይነግር አያዝ ብትሉ፣ እጃችሁን እስም ነበር። እናንተ ግን አይሰጥም አላችሁ። እኔ ስኳር መዛኝ ነኝ። ሁለቱንም ወገን ካስቀመጡልኝ የቱ እንደሚከብድ አያቅተኝም። ሂሴ ይህ ነው። መድረኩ ይቀበላል?»

ሊቀ መንበሩ ሊመልስልኝ ፈልጎ ነበር፤ መመለስ ግን ክልክል ነው፣ ክልክሉን ያስተማረን ደግሞ እሱ ራሱ ነው።

«ሂሱን... ተቀብለናል» አለ።

ጭብጨባው ቀለጠ። እውነቱን ለመናገር ግማሹ በልማድ ነው ያጨበጨበው፤ «ተቀብለናል» ሲባል እጁ በራሱ ይነሣል። ግን ተጨበጨበ! ከተጨበጨበ በኋላ መመለሻ የለውም። ጉዳዩ ለጥናት ወደ በላይ አካል ይመራ፣ እስከዚያው ለታካሚዋ በነበረበት ይቀጥል ተባለ። ጥናቱ ምን ላይ እንደደረሰ የሰማ ሰው የለም። ክኒኔ ግን ቀጠለ። ሐኪሙ በማግስቱ ሰጠኝ፤ ከመሳቢያ ሳይሆን በማዘዣ፣ በመስኮቱ በኩል። ከመውለዴ በፊት ወደ ሩቅ ክፍለ ሀገር ተዛወረና ዳግም አላየሁትም።

ዋጋውንም ከፍያለሁ። በሳምንቱ ሱቅ ስገባ ከፊት የተሰለፈችው ሴት፣ ያቺው «ወይኔ» ያለችው፣ ከረጢቷን ወደ ኋላ ሸሸገች። «ሌላ ሰው ይመዝንልኝ» አለች። ከኋላዋ ያሉትም እንደዚያው። ኃላፊው ይቅርታ እየጠየቀ ሳሙና ክፍል አዛወረኝ፤ ሳሙና የተጠቀለለ ስለሆነ እስትንፋሴ አይገባበትም መሰል። ሚዛኔን የወሰደችው ልጅ እጇን ሚዛኑ ላይ ጫን የምታደርግ ነበረች፣ ሁሉንም አጉድላ ነበር የምትመዝነው። ደግ አደረገቻቸው! ይህን በማለቴ ዛሬም አልጸጸትም።

ሴት ልጅ ወለድኩ። አዋላጇ ጠቅልላ ስትሰጠኝ ዓይኗን ሰበረችብኝ፤ ገለጥ አድርጌ አየሁ። የላይኛው ከንፈሯ እስከ አፍንጫዋ ተሰንጥቆ ነበር። ላንቃዋ ደህና ነበር፣ አልሐምዱሊላህ፤ ቀና አድርጌ ስይዛት ትጠባለች። ግን አለቀስኩ። ያን ሁሉ ሰው ፊት ቆሜ የፎከርኩት እኔ፣ ትራሱን ነክሼ አለቀስኩ። ክኒኑ ይሁን ሌላ ነገር የሚያውቅ የለም፤ ክኒን ቀምሳ ከማታውቅ እናትም እንዲህ ያለ ልጅ ይወለዳል። እኔ ግን ያን ቀን ክኒኑ ነው ብዬ ነበር፤ አሁንም ሳይሆን አይቀርም እላለሁ።

በሦስተኛው ቀን ግራጫው ካፖርት መጣ። ማን እንደነገረው አላውቅም። ብርቱካን በፌስታል ይዟል። አልጋው ጫፍ ቆሞ ሕፃኗን አያት፤ ፊቱ ላይ ደስታ አልነበረም፣ ይህን እመሰክርለታለሁ።

«ነግረናችሁ ነበር እኮ» አለ ቀስ ብሎ።

ወገቤ ቢያመኝም ቀና አልኩ።

«አልነገራችሁኝም» አልኩት። «እናንተ ከለከላችሁኝ። የነገረኝ ዶክተሩ ነው።»

ብርቱካኑን ኮመዲኖው ላይ አስቀምጦ «መጥባት ትችላለች?» አለኝ። ቀና አድርጌ ይዤ አሳየሁት። የመጀመሪያው ሕፃን ትዝ ብሎት ነው መሰለኝ፣ ስትጠባ እስክትጨርስ ድረስ ቆሞ አያት። ሲወጣ ከንፈር የሚሰፋ ሐኪም ያለበትን ሆስፒታል ነገረኝ። እዚያው አሰፋኋት።

ዛሬ ስፌቱ ቀጭን ነጭ መስመር ነው፤ ስትስቅ ትንሽ ወደ አንድ በኩል ይስባታል። የዛሬ ሳምንት ሬዲዮኑን ልትቀንስ መጥታ እጇ ቁልፉ ላይ እንዳለ ቆመች። እስከዚያ ቀን ጠይቃኝ አታውቅም።

«እማዬ፣ እንዲህ ሆኜ እንደምወለድ ብታውቂ ኖሮ ታቆሚው ነበር?»

«አውቅ ነበር እኮ» አልኳት። «አውቄ ነው የዋጥኩት። ይኸው አንቺም አለሽ፣ እኔም አለሁ።»